አንቱ የሚለው ሙት

ድምፅ ቀጂዋ ከማክሰኞ ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች። ሻይ ትቀዳና እዚያው እንዳለ ይቀዘቅዛል። የጆሮ ማዳመጫዋን ታጠልቅና ምንም ሳትከፍት ትቀመጣለች። አንድ በር ለመዝጋት ተነሥታ ሌላ በር ከፍታ ትመለሳለች። ምክንያቱ አባቷ ናቸው። አባቷ እሁድ ከሰዓት አሮጌው ሲኒማ ቤት መድረክ ላይ ወጥተው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት፣ ስላስፈሯቸው ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። በእሳቸው ፊልም አንድም ሰው ፈርቶ አያውቅም። ሰው በሳቅ ፍርስ ነው የሚለው፣ ይህንንም ከእሳቸው በቀር የማያውቅ የለም። ሰው ፈርቷል ብላ የዋሸቻቸው ደግሞ ይቺው ልጃቸው ናት።

ነገሩን ከሥሩ እናምጣው። አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። ሰፈሩ «አንቱታ» ይላቸዋል፣ ከኋላቸው ነው ታዲያ። ምክንያቱም ከቤታቸው ሰው በቀር በዚህች ምድር ላይ ለማንም ከ«እርስዎ» ሌላ አያውቁም። ሱቅ የሚላክ ሕፃን «እርስዎ» ነው፤ ሊስትሮው «እርስዎ» ነው፤ ድመት ወጥ ቤት ገብታ ሥጋ ስታሸት እንኳ «ይውጡ እንጂ፣ ነውር ነው» ሲሏት ጎረቤት ሰምቷል። ሰው እስኪፈረድበት ሰው ነው፣ ከተፈረደበትም በኋላ ሰው ነው ይላሉ። ዳኛውንም፣ ሌባውንም፣ ነፍሰ ገዳዩንም በአንድ ዓይን አይተው በአንድ አንቱታ ሸኝተዋል። አንድ ተከሳሽ በራሱ ቋንቋ ምስክሩን «አንተ ውሻ» ብሎ ቢሰድበው፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመው «እርስዎ ውሻ ነዎት ይላሉ» ብለው አስተረጎሙና፣ ዳኛው ሳቃቸውን በፋይል ሸፈኑ ይባላል። ውሸት ነው የሚልም አለ። እሳቸውን የሚያውቅ ግን አይጠራጠርም።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ሚስታቸው አረፉ። ከዚያ ወዲህ እኒያ ሁለት ቋንቋ እንደ ውኃ ሲያፈስሱ የኖሩ ሰው አፋቸው ተለጎመ። ልጃቸው ምግብ ስታቀርብላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንዴት ዋሉ ስትላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መስኮቱ ፊት ባለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የጎረቤቱን ግድግዳ ያያሉ። የሰው ድምፅ ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ብላ ሬዲዮ ከፍታ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዘግተውት ታገኛለች። እናቷን በሞት ነው ያጣችው፤ አባቷን ግን ዓይኗ እያየ በዝምታ ልታጣቸው ነበር። ይህን ማንም ልብ ይበልልኝ፣ ምክንያቱም የኋላው ውሸት ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የምትሠራበት ስቱዲዮ ከጎማ ጠጋኝ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የተለበደ ነው፤ ታች ጎማ በመዶሻ ሲመታ ቀረጻው ይቆማል፣ ጎማው ሲያልቅ ቀረጻው ይቀጥላል። ባለቤቱን ሠራተኞቹ «ቶሎ ቶሎ» ይሉታል። ይህ ሰው በተሠሩበት አገር እንኳ ያየላቸው የሌለ የውጭ አስፈሪ ፊልሞችን በርካሽ ይሰበስብና በእኛ ቋንቋ ድምፅ አስገብቶ ያሳያል። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ቢሉትም ግድ የለውም፤ ሰንበሌጥስ ቤት አይደል ወይ ባይ ነው። አንድ ጊዜ ታዲያ ተርጓሚው ተጣልቶት ጥሎት ሄደ። ድምፅ ቀጂዋ የንግግሩን ጽሑፍ ጠቅልላ ወደ ቤት ወሰደችና፣ አባቷ ከሚቀመጡባት ወንበር አጠገብ ረስታው እንደሄደች ሰው ጣል አድርጋ ወጣች። ማታ ስትመለስ አባቷ መነጽራቸውን አድርገዋል።

ፊልሙ «የቁም ሳጥኑ ሙት» ይባላል። ወንድሙ ገድሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የደበቀው ሰውዬ፣ ቁም ሳጥኑ በተሸጠበት ቤት ሁሉ እየወጣ ቤተሰቡን ይፈጃል፤ ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። በዋናው ፊልም ሙቱ በሩን በርግዶ ይወጣና አንዲት ቃል ይጮኻል፤ «ሙት!» ማለቱ ነው። አባቷ እዚያ ቦታ ላይ የጻፉት «መሞትዎ ነው፣ አዝናለሁ» ብለው ነው። ልጅቷ ልብ ብላ አየችና አፍ አይገጥምም አለቻቸው። የሙቱ አፍ አንዴ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ትሕትናው ግን አፉ ከተዘጋም በኋላ ይቀጥላል። አባቷ ከብዙ ወራት በኋላ የመጀመሪያውን ረጅም ዓረፍተ ነገር የተናገሩት ያኔ ነው።

«መግደሉ ሳያንሰው ደግሞ፣ ትውውቅ የሌላቸውን ሰዎች አንተ ብሎ ይዳፈራቸው?»

ልጅቷ ልትመልስላቸው አልፈለገችም። ይናገሩላት እንጂ እንኳን ሙቱ፣ ቁም ሳጥኑም አንቱ ቢል ግዷ አልነበረም። ቀረጻው ሲደርስ ደግሞ የሙቱን ድምፅ የሚሠራው ተዋናይ ጉሮሮው ተዘጋ። ቶሎ ቶሎ መቼም መጠበቅ አያውቅምና ጽሑፉን የጻፉት ሽማግሌ ራሳቸው ያንብቡት አለ። አባቷ ገቡ፤ ስፖንጅ በለበሰችው ክፍል ውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ያ ለብዙ ዓመት ቃለ መሐላ ያስተረጎሙበት ወፍራም ድምፅ ወጣ። ላባቸውን እየጠረጉ ከጨረሱ በኋላ አንዷን ቦታ ልድገማት ወይ ብለው ጠየቁ። ያን ቀን እራት ላይ ስለ ሙቱ አወሩ፤ ስለ ወንድሙ ክፋት አወሩ፤ ቁም ሳጥን ገዝቶ ውስጡን ሳያይ ወደ ቤት ስለሚያስገባ ሰው ሞኝነት አወሩ። ልጅቷ እያኘከች ሰማቻቸው፣ እንባዋ እንዳይመጣ ውኃ ደጋግማ ጠጣች።

የመጀመሪያው ቀን ፊልሙ ሲታይ እሷ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ሙቱ በሩን በርግዶ ወጣ፣ አፉን ከፈተ፣ «መሞትዎ ነው» አለ፣ አፉን ዘጋ፣ በተዘጋው አፍ «አዝናለሁ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናደ። ሰው ወንበር ላይ ተንከባለለ፤ ሴቶች እየጮኹ የጎረቤታቸውን ክንድ ደበደቡ። ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን በሙሉ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራቸው ስታሰላስል መጣች። ስትደርስ አባቷ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ቆመው እየጠበቋት ነው። እንዴት ሆነ አሏት። ፊታቸውን አየችው። ያ ፊት እንደገና ወደ መስኮቱ እንዳይዞር ስትል ከአፏ የወጣው «ፈሩ» የሚል ቃል ሆነ። ያ አልበቃ ብሏት «ሴቶቹ ጮኹ» ብላ ጨመረችበት። ደግሞም ጮኸዋል፤ በምን እንደጮኹ አልተናገረችም እንጂ።

ሌላ ሰው ቢሆን አበጀሁ ብሎ ደረቱን ይነፋ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁት አዳራሹ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ ወይ ብለው ነው። ኩራቱም ጥቂት ነበረበት፣ አንገታቸው ቀና ብሎ ነበር፤ ጸጸቱ ግን በለጠ። ሰው ቤቱ ገብቶ በእኔ ድምፅ እንቅልፍ ሊያጣ ነው ብለው ተብሰከሰኩ። ፊልሙን ከሕዝብ ጋር ሆነው እንዲያዩ ቢጋበዙም እንቢ አሉ፤ ሰው ሲሠቃይ ቆሞ ማየት ነውር ነው። እናም የዚያው ሙት ሁለተኛ ፊልም ሲመጣ የሰዉን ሥቃይ ለመቀነስ ሙቱን አለሰለሱት። ሙቱ ከመውጣቱ በፊት ከውስጥ በሩን ያንኳኳል። «አይደንግጡ፣ እኔ ነኝ» ይላል። አንገት ሲያንቅ «እጄ ስለቀዘቀዘ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል። ሟቿ ስትሮጥ ከኋላዋ «ቀስ ይበሉ፣ ደረጃው ያዳልጣል» ይላል። ውሸቷ ወለደች፣ የተወለደውም ልጅ ከእናቱ በለጠ፤ ያ ፊልም ከተማውን አጥለቀለቀው።

እንዲህ ዓይነት ፊልም ምኑ ይወደዳል የሚል ጨዋ ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው አንድ ቀን ከአዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። ሙቱ ከከፈኑ ሥር የተወለወለ ጥቁር ጫማ አድርጓል፤ ከመቃብር የመጣ ሰው ሰዓት አሥሯል፤ ከፈኑም ከጀርባው በዚፕ ይዘጋል። ጨረቃዋ ከወረቀት ስለሆነች መሐሏ ላይ የታጠፈችበት መስመር ይታያል። በመጀመሪያው ፊልም የሞተችው ሴትዮ በሁለተኛው ሌላ ሴትዮ ሆና መጥታ ደግማ ትሞታለች። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ይጠብቃልም። ጫማው ብቅ ሲል «ጫማው መጣ!» ብሎ ይቀበለዋል። ውጭ ያለው ፍርሃት ዚፕ የለውም፤ የቤት ኪራዩ፣ የሐኪሙ ቀጠሮ፣ ያልተመለሰው ልጅ ከየት እንደሚመጣ አይታይም። ይህ ሙት ግን ዚፑ ጀርባው ላይ ይታያል። ዚፑ የሚታይ ሙት ምን ያደርጋል? አብሮ ያስቃል እንጂ። ደግሞ ሠሪዎቹ ሊያስቁ ብለው አለመሥራታቸው ነው ጣዕሙ፤ ከልባቸው ለማስፈራት ደክመዋል፤ ሰው የሚወደው ያን ድካም ነው። አባቷም ከልባቸው ነበር።

ንግግሩ ከአዳራሽ ወጥቶ መንገድ ላይ ዋለ። አምሽቶ የሚገባ ባል በሩን ሲያንኳኳ «አይደንግጡ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ጥርስ ሐኪሟ መርፌውን ይዛ ስትጠጋ ትላለች። አለቃ የቢሮ በር ገርበብ አድርጎ ይላል። አባቷ ከቤት እምብዛም ስለማይወጡ ብዙውን አልሰሙም። አንድ ቀን ግን ሱቅ ውስጥ እያሉ መብራት ጠፋና ባለሱቁ በጨለማው ውስጥ ይህንኑ ሲል፣ የቆሙት ሁሉ ሲንጫጩ ሰሙ። ፊታቸው ዐመድ መስሎ ወደ ቤት ገቡ። ሕዝቡ እስካሁን ፍርሃቱ አልወጣለትም፣ ጨለማ በሆነ ቁጥር እኔን ነው የሚያስታውሰው ብለው ለልጃቸው ነገሯት። ልጅቷ ያኔ ልትነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገረቻቸውም።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ምን ሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ማንንም ሳያማክር ቤታቸው ድረስ መጣ። ሦስተኛው ፊልም እሁድ በአሮጌው ሲኒማ ቤት እንደሚከፈት፣ ሕዝቡ ባለድምፁን በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ፣ መድረክ ላይ ወጥተው አንድ ሁለት ቃል ቢሉ ደስታው እንደሆነ ተናገረ። አባቷ ሕዝቡ ሊያያቸው መፈለጉን የሰሙት በዳይ ከተበዳይ ፊት ይቁም እንደሚባለው አድርገው ነው። እሺ አሉ። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ልባቸው ቀልሎ፣ ይህን ነገር በይቅርታ ልጨርሰው ነው አሏት።

በነጋታው ቶሎ ቶሎን አንቃ ይዛ ግብዣውን ሰርዝ አለችው። የተሸጠ ትኬት እንዴት ብዬ አለ። ሰው እንደሚስቅ አያውቁም እኮ ስትለው ደግሞ እውነትም ደነገጠ፤ አንቺ አይደለሽ እንዴ ልጃቸው፣ ምን ነገርሻቸው ታዲያ አላት። ይህንኑ ይዛ ወደ አባቷ ገባች። ኮታቸውን ስትተኩስላቸው ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን ቁም ሳጥናቸው ላይ ካለው መስተዋት ፊት ቆመው ይቅርታቸውን ይለማመዱ ነበርና «በተለይ እናቶች» የሚለው ቦታ ላይ ድምፃቸው ሲሰበር ሰማች፣ ካውያውን ቶሎ አነሣች እንጂ ኮቱን ልታቃጥለው ነበር። ሌላ ቀን የሲኒማ ቤቱ ወንበር ጀርባ ያሳምማል አለቻቸው፤ እቆማለሁ አሉ። አዳራሹ ይታፈናል አለቻቸው፤ የበደለ ሰው መታፈን ያንሰዋል አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእሷ ግን እያደረ አንገቷ ላይ ይጠብቅ ነበር፤ ሳትነግራቸው ቀኑ ደረሰ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለእነሱ ከፊት ረድፍ ቦታ ተይዞላቸዋል። አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መብራቱ ጠፋ። ሁለት ተሸካሚዎች ቁም ሳጥኑን ደረጃ ለደረጃ ሲያወጡ ይታያል፤ ከኋላ ያለው ተሸካሚ ዞር ብሎ ካሜራውን አየና ቶሎ አንገቱን መለሰ። አዳራሹ ሳቀ። አባቷ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ተሸካሚው ነው የሚያስቀው ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ተመለሱ።

ከዚያ ቁም ሳጥኑ ከውስጥ ተንኳኳ። የአባቷ ድምፅ ከግድግዳው ሁሉ ወጣ፣ አዳራሹም በሙሉ አብሮ «አይደንግጡ፣ እኔ ነኝ» አለ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ ሳቁ መጣ። «ጫማው መጣ!» አለ አንዱ ከኋላ። አባቷ እጃቸውን ክንዷ ላይ አድርገው ምን አግኝቷቸው ነው አሏት። እሷ ዓይኗን ከፊልሙ አላነሣችም። አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረጉ፤ የምስክር ቃል ሲያዳምጡ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ሙቱ አንዲት አዛውንት ሴት ለማነቅ ሲጠጋ «ልብዎ ደካማ ከሆነ ይንገሩኝ» አላት፤ ይህችን እሳቸው ብዙ ተጨንቀው የጨመሯት ነበረች። ከጎናቸው የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ እንባውን እየጠረገ ጉልበቱን መታ። አባቷ ያንን ሰውዬ እስኪበቃቸው አዩት። ከዚያ ተነሡ።

«ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያሉ በረድፉ መሐል ሲያልፉ፣ የተቀመጡት ሰዎች በጨለማው ውስጥ ድምፁን ለዩት። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ተከተላቸው፤ አንዲት ሴት እጃቸውን ልትጨብጥ ሞከረች። ልጅቷ ከኋላቸው እየተደናቀፈች ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከበሩ ጀርባ ድምፃቸው ይሰማል፤ ከድምፃቸው ቀጥሎ ሳቁ ይሰማል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

«የመጀመሪያውም ጊዜ?»

«የመጀመሪያውም።»

ባርኔጣቸውን አዙረው አዙረው አዩት። «ሴቶቹ ጮኹ ብለውኝ ነበር» አሉ።

ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መሰላት። «ማን?» አለች።

«እርስዎ።»

ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ማንም የለም። ያኔ ገባት። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ በዚህ ዓለም «አንቺ» የሚሏት እሷን ብቻ ነበር። ያቺ ቃል የእሷ ብቻ መሆኗን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስባው አታውቅም፤ ሰው መቼም ያለውን ነገር የሚቆጥረው ሲወሰድበት ነው።

«ቢስቁ ምን ነበረበት?» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ሰው ይስቃል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ የሰው ልጅ አስለቀስኩ ብዬ መብራት አብርቼ ነው ያደርኩት። ሕይወቴን ሙሉ የሰው ቃል ሳላዛባ አድርሻለሁ። እርስዎ ግን ለእኔ የተዛባ ቃል አደረሱልኝ፣ እዚያው ቤቴ ውስጥ።»

«እንደገና ዝም እንዳይሉብኝ ፈርቼ ነው» አለች። እንባዋ መጣ። «እማዬን ቀብሬ እርስዎንም በቁም ልቀብር ነበር። የሚያናግረኝ ሰው አልነበረኝም አባዬ።»

«እንዲህ ብሎ መንገር ነበር» አሉ።

በሩ ተከፈተና ቶሎ ቶሎ እያለከለከ ወጣ። ፊልሙን ቀደም አድርጎ አቋርጦታል፤ ሕዝቡ ሽማግሌው ሲወጡ ስላየ አምጣቸው እያለ ወንበር እየደበደበ ነው። ልጅቷ ዛሬ አይችሉም፣ ወደ ቤት እንሄዳለን አለችው። አባቷ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ ባርኔጣቸውን ለቶሎ ቶሎ አስያዙና ገቡ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አላወቀችም። እዚያ መድረክ ላይ ቆመው ሲሰበሩ ልታይ ነው መሰላት፣ በሩ ላይ ተጣብቃ ቀረች።

አባቷ መድረኩ መሐል ቆመው ጸጥታውን ጠበቁ። ለብዙ ዓመት ዳኛ እስኪጨርስ መጠበቅ የለመደ ሰው አይቸኩልም።

«የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እዚህ የመጣሁት ስላስፈራኋችሁ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር» አሉ። አዳራሹ ፈነዳ። እስኪበርድ ጠበቁ። «አሁን እንደተረዳሁት ግን የፈራ ሰው የለም።»

«እኔ ፈርቻለሁ!» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

«አይዋሹ» አሉ።

ያኔ የነበረው ሳቅ ጣሪያውን ያነሣው ነበር። ወፍራሙ ሰውዬ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወረደ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያቺ «አይዋሹ» ወደ ማን እንደተወረወረች ያወቀች በሩ ላይ የቆመችው ልጃቸው ብቻ ነበረች። አባቷ ግን አላዩዋትም፤ የሚያዩት ሕዝቡን ነበር። ከፊት ረድፍ ያሉትን አንድ በአንድ አዩ፤ የሚስቁ እናቶችን አዩ፣ እናታቸው ጭን ላይ ሆነው የሚያጨበጭቡ ሕፃናትን አዩ። ሕፃናቱ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ላይ የነበረ አንድ ሸክም ወረደ። ሰዉ ያቺን ንግግር እንዲሏት ለመናቸው። አሏት፤ አዳራሹ አብሯቸው አላት፤ ሳቁ ሲመጣ የእሳቸውም ከንፈር ጫፉ ላይ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ደስ አላት፣ ደግሞም ከፋት። ያን ፈገግታ ይህን ያህል ዘመን የደበቀችባቸው እሷ ናት። ከመድረኩ ሲወርዱ ለቶሎ ቶሎ አራተኛው ካለ አምጡልኝ ሲሉት ሰማች።

ታክሲ ውስጥ አባቷ አፋቸው አልተዘጋም። ከሾፌሩ ጋር አወሩ፤ ድምፃቸውን ለይታ ዞር ካለች ተሳፋሪ ጋር ስለ ወረቀቷ ጨረቃ ተከራከሩ። ለልጃቸው ያሉት ሲሳፈሩ «ይቅደሙ»፣ ሲወርዱ «ይጠንቀቁ» ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማ እንዴት ያሉ ጨዋ አባት ይል ነበር። እሷን ግን እያንዳንዷ አንቱታ እንደ መርፌ ወጋቻት። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር፤ ጩኸት ያልቃል፣ አንቱታ ግን ማለቂያ የለውም። ሰፈሩ ውስጥ ገብተው በሩ ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ይስጡኝ አሏት። ሰጠቻቸው። ገብተው በረንዳ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ፊታቸው ቆመች። እጇን የምታደርግበት አጥታ የሻርፗን ጫፍ ጠመዘዘችው።

«አባዬ፣ ይቆጡኝ። ከፈለጉም ይስደቡኝ። እርስዎ ብቻ አይበሉኝ።»

«ምን ልበልዎት ታዲያ?»

«አንቺ ይበሉኝ። እንደ ወትሮው።»

የአንዱን እግር ጫማ አውልቀው እጃቸው ላይ እንደያዙት ቆዩ። ሽማግሌ ሆነው ታዩዋት፤ ደክሟቸዋል፣ ቂሙም ገና አልወጣላቸውም።

«ዛሬ አልችልም» አሉ። «ዛሬ ሆዴ ቆስሏል።» ወደ ሁለተኛው ጫማቸው ጎንበስ አሉ። «ነገ እልሻለሁ።»

ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው የሰሙት። ቀና ብለው አዩዋት፣ ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን እንዳያርሙት ብላ፣ ያልሰማች መስላ፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች።